ለጸሎት ዜማ መድረስ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ከእስራኤል፣ ከረሖቮት ከተማ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። 24 ዓመትህ ነው፤ ውትድርናህን ጨርሰሃል፤ በየሠርጉ ኪቦርድ ትጫወታለህ፤ አያትህ የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ቄስ ናቸው። ለሰንበትና የአይሁድ የመብራት በዓል ለሆነው ለሐኑካ የራስህን ዜማ ደርሰሃል፤ አርብ ማታ ሰንበትን ለመቀበል የሚዘመረውን ሌኻ ዶዲንም በአዲስ ዜማ ሠርተኸዋል። እናትህ ደግሞ «ኮምፒውተር ተማር» ይሉሃል። የጠየቅከኝ ሦስት ነገር ነው፦ ሥራው ያበላል ወይ፣ የሙዚቃ አካዳሚ ልግባ ወይስ ከቄሶች ልማር፣ የቄሶችን ጸሎት በድራምና በቤዝ ባቀናብረው ነውር ነው ወይ።

ከእንጀራው ልጀምር። «የጸሎት ዜማ ደራሲ» ተብሎ የወር ደመወዝ የሚቆረጥለት መደብ ለማግኘት አትድከም። ከዚህ በፊት ስማቸው የቀረውም በሌላ ሥራ ነው የኖሩት። ሉዊስ ሌዋንዶቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1866 በተከፈተው የበርሊን አዲሱ ምኩራብ የመዘምራን መሪ ነበር፤ ዜማዎቹ ዛሬም በብዙ አገር ይዘመራሉ። አሜሪካዊቷ ዴቢ ፍሪድማን ጊታሯን ይዛ በወጣቶች ካምፕ ታዘምር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ካረፈች በኋላ ኒውዮርክ የሚገኘው፣ ሪፎርም የተባለው ለዘብተኛ የአይሁድ ንቅናቄ የሐዛኖች (የምኩራብ ጸሎት መሪ ዘማሪዎች) ትምህርት ቤት በስሟ ተሰየመ። ሁለቱም ሲደርሱ ፊታቸው የሚዘምር ሰው ነበራቸው። አንተም ቀድመህ መፈለግ ያለብህ በየሳምንቱ የሚዘምርልህን ጉባኤ ነው። የልጆች መዘምራን ይሁን፣ የሰፈር ምኩራብ ይሁን፣ ትንሽ ከሆነም አትናቀው። ደመወዝህ ከማስተማር፣ መዘምራን ከመምራት፣ ለሌሎች ከማቀናበር ይመጣል፤ ድርሰትህ በዚያ ላይ ታዝሎ ያድጋል።

ለአንተ ደግሞ ሌላው አቀናባሪ የሌለው በር አለህ። የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴት እ.ኤ.አ. በ2008 የቤተ እስራኤልን በዓል ሲግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ ሕግ ካወጣ ወዲህ ትምህርት ቤቶችና ማዘጋጃ ቤቶች ለበዓሉ ዝግጅት ያደርጋሉ፤ ዘማሪና አቀናባሪም ይፈልጋሉ። በዓሉ ከአስተስርዮ (ከዮም ኪፑር) በኋላ በ50ኛው ቀን ስለሚውል ሥራህን በእስራኤል በጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ፣ ጨርሰህ መቅረብ አለብህ። ጥቅምት ላይ ማንኳኳት ዘግይቷል።

ሁለተኛው ጥያቄህ ላይ አላመነታም፦ መጀመሪያ ወደ ቄሶች ሂድ። አካዳሚው ይጠብቅሃል፤ በግዕዝ የሚጸልዩት አባቶች ግን ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ ወጣቱም በዕብራይስጥ ነው የሚጸልየው። ይህ ያሳስበኛል። ዜማው በቃል የተላለፈ ነው። በኢየሩሳሌም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የድምፅ ክምችት ውስጥ ቅጂዎች አሉ፤ ተመራማሪዎችም በኖታ ጽፈው ያሳተሙት አለ። እነሱን አጥና። ነገር ግን መሪው መቼ ለተቀባዮቹ እንደሚለቅ፣ ድምፆቹ የት ላይ እንደሚደራረቡ፣ ነጋሪቱና ቃጭሉ ለየትኛው ጸሎት እንደሚወጡ አያትህ አጠገብ ተቀምጠህ ነው የምትማረው። መቅጃህን በሥራ ቀን ይዘህ ሂድ፤ ሰንበትን ተውላቸው።

ከዚያ የኢየሩሳሌም የሙዚቃና የዳንስ አካዳሚን ወይም የባር ኢላን ዩኒቨርሲቲን የሙዚቃ ክፍል አመልክት። ከሁሉ አስቀድመህ የምትማረው ለሰው ድምፅ መጻፍን ነው። የአይሁድን ሕግ አጥብቆ በሚይዝ ኦርቶዶክስ ምኩራብ በሰንበት የሙዚቃ መሣሪያ አይነካም፤ ኪቦርድህ ውጭ ይቀራል። ለአራቱ የመዘምራን ድምፆች፣ ለሶፕራኖ፣ ለአልቶ፣ ለቴኖርና ለቤዝ ካልጻፍክ፣ ወይም አንዱ መርቶ ሌላው እንዲቀበል አድርገህ ካልሠራህ፣ ዜማህ አርብ ማታ ሊዘመር አይችልም። በነገራችን ላይ ከ400 ዓመት በፊት ጣሊያናዊው አይሁዳዊ የዜማ ደራሲ ሳላሞኔ ሮሲ የዕብራይስጥ መዝሙሮቹን በቬኒስ ሲያሳትም ኖታው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቃሉ ከቀኝ ወደ ግራ ሆኖበት ነበር። ግዕዝ ግን ከኖታው ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ፊደሉን ከኖታው ሥር ለማሳረፍ አትቸገርም።

ስለ ሌኻ ዶዲ የላክኸው ገለጻ በጣም አስደሰተኝ፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር። ዘጠኙንም አንቀጽ በአንድ ዜማ ሠርተኸዋል። በብዙ ምኩራብ ከስድስተኛው አንቀጽ፣ «ሎ ቴቮሺ» ከሚለው ጀምሮ ዜማው ይለወጣል፤ ጉባኤው ለውጡን ይጠብቃል። በመጨረሻው አንቀጽ ሰው ሁሉ ቆሞ ወደ በሩ ይዞራል፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ረጃጅም ማንጠልጠያ አታብዛ። የዕብራይስጥ ቃላት አብዛኛውን ጊዜ የድምፅ ጭነታቸው የሚያርፈው መጨረሻቸው ላይ ነው፤ «ካላ» (ሙሽራ) የሚለውን መጀመሪያው ላይ ከጫንከው አዋቂ ጆሮ ይቆረቁረዋል። ለዜማው ይመቸኛል ብለህም ከአዝማቹ ሌላ ቃል አትድገም፤ ብዙ ራቢዎች (የአይሁድ የሃይማኖት መምህራን) የጸሎት ቃል መደጋገምን አይወዱም። በልምምድ ጊዜ የፈጣሪን ስም «ሐሼም» («ስሙ» ማለት ነው) በሉት።

አሁን ደግሞ ያላየኸው ሀብት። ግጥሙን በ16ኛው ክፍለ ዘመን በገሊላዋ ጽፋት ከተማ የጻፈው ሽሎሞ አልካቤጽ ሰንበትን እንደ ሙሽራ ይቀበላታል። በቤተ እስራኤል ዘንድም «ትእዛዘ ሰንበት» የተባለው የግዕዝ መጽሐፍ ሰንበትን በሴት አምሳል ያቆማታል። ሁለቱ ሳይተዋወቁ ተገናኝተዋል! አያትህ ለሰንበት የሚያዜሙትን ይዘህ ሌኻ ዶዲን እንደገና ብትሠራው፣ ከሠርግ ኪቦርድ የመጣውን ማሳመሪያ ሁሉ ትተህ፣ ማንም ያልሰማው የራስህ ሥራ ይሆናል። እኔ ብሆን ሌሎቹን አቆይቼ ዓመቱን ለዚህ እሰጠው ነበር።

ድራሙን በተመለከተ፦ ሐኑካ በኢትዮጵያ በቤተ እስራኤል ዘንድ አይከበርም ነበር፤ የወረስከው ዜማ ስለሌለ የምታፈርሰው ነገር የለም። በመሣሪያም በምትም እንደ ልብህ ሥራ። የሲግድ ጸሎት ግን ባለቤት አለው። የቄስን ድምፅ ቀድተህ ምት ከሥሩ ለማስገባት ከፈለግህ ራሳቸውን ጠይቅ፤ እምቢ ካሉህ ተው። ከዜማው ተነስተህ ለመድረክ አዲስ መዝሙር ብትደርስ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔም ከየት እንደወሰድከው በኖታው ላይ ጻፍ።

ሥራዎችህን የእስራኤል የደራስያንና የአቀናባሪዎች ማኅበር በሆነው አኩም አስመዝግብ። ከአሜሪካ ጉባኤ ጥያቄ ከመጣ አንድ ነገር እወቅ፦ በዚያ አገር ሕግ በአምልኮ ቦታ በጸሎት መካከል ለሚዘመር ዜማ የአፈጻጸም ክፍያ አይጠየቅም። ገንዘቡ ዜማ እንድትደርስ ከሚታዘዝልህ ሥራና ከኖታው ሽያጭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሥራውን ከመጀመርህ በፊት ዋጋህን ተነጋገር፤ ለስንት ድምፅ እንደሆነ፣ የማስረከቢያው ቀን፣ ቅድሚያ ክፍያው፣ የኖታው መብት የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይሁን። ለእናትህ የሠርጉን ሥራ እንደማታቋርጥ ንገራቸው፤ የኮምፒውተሩንም ኮርስ የማታ ብትወስደው አይጎዳህም፤ የኖታና የቀረጻ ፕሮግራሞችን በዚያው ትለምዳለህ። የሌኻ ዶዲን ኖታ ስትጨርስ ላክልኝ፤ መዘምራን የሚመሩ የማውቃቸው ሰዎች እንዲያዩት አደርጋለሁ።