ሁለቱ ነቀርሳዎች
ለወጣት የራዲዮሎጂና የካንሰር ሐኪሞች

ውድ ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም ማታ ማታ ምስል ትልኩልኛላችሁ። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» ትላላችሁ፤ እኔም ደስ እያለኝ አያለሁ። (በነገራችን ላይ፣ የታካሚው ስም የተጻፈበትን ጥግ ሳትሸፍኑ ምንም አትላኩ።) ግን አንድ ነገር እያሳሰበኝ መጥቷል። ምስሉ ይመጣል፣ ሰውየው አይመጣም። ዕድሜው አልተጻፈም፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረው አልተጻፈም፣ የዛሬ ዓመት የተነሳው ፊልም የት እንዳለ የጠየቀ የለም። ከሥሩ ግን «ሜታስታሲስ (የተሰራጨ ካንሰር) ነው አይደል?» የሚል ጽሑፍ አለ። አጠያየቃችሁ መልሱን ጨርሶ የመጣ ነው።

ቋንቋችን ለሁለት በሽታ አንድ ስም ሰጥቷል። የሳንባ ነቀርሳ ስንል ቲቢ ነው፤ የጡት ነቀርሳ ስንል ካንሰር ነው። ሁለቱም ሰውን እያከሱ ውስጥ ውስጡን ስለሚበሉ ስሙ አይገርመኝም። ይህ ስም ምን ያህል እውነት እንዳለው በደንብ የገባኝ ግን ሲቲ ስካን ፊት ተቀምጬ፣ በአንዲት እናት ላይ በሠራሁት ስሕተት ነው።

ከገጠር የመጣች፣ አርባ ዓመት ያልሞላት ሴት ነበረች። ሆዷ ውኃ ቋጥሮ ተነፍቷል፣ እጆቿ ግን የበቆሎ አገዳ አክለዋል። ሲቲው ላይ የሆድ ዕቃ ሽፋኑ ወፍሯል፣ አንጀቱን የሚጋርደው ሞራ ጓጉሏል፣ በግራና በቀኝ ኦቫሪዎቿ (የዕንቁላል ዕጢዎቿ) አካባቢ እብጠት አለ። ሲኤ 125 የሚባለው የደም ምርመራ ከ35 በታች መሆን ሲገባው ከ500 በላይ ነበር። ወረቀቱ ላይ «የተሰራጨ የኦቫሪ ካንሰር» ብዬ ጻፍሁ። «ሊሆን ይችላል» አላልሁም፤ ሌላ አማራጭም አልጨመርሁም። በአገራችን የታረደ በግ ሞራ ዘርግተው የሚመጣውን የሚናገሩ ሞራ ገላጮች ነበሩ። እኔም በዚያ ቀን የሰው ሞራ አይቼ እንደ እነሱ ተናገርሁ።

ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ሊጀመርላት ቀጠሮ ተያዘ። አንድ ወጣት የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ግን «ናሙና ሳይወሰድማ አይሆንም» ብሎ አሻፈረኝ አለ። በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ከሆድ ሽፋኑ ቆንጥሮ ወሰደ። የፓቶሎጂው (የናሙና ምርመራው) ውጤት ሲመጣ የካንሰር ሴል የሚባል አልነበረበትም፤ ቲቢ ነበር። የስድስት ወር መድኃኒት ወስዳ ዳነች፤ ስትመለስ ቀበቶዋን እያጠበቀች ስትስቅ አይቻታለሁ። ባለቤቷ ግን «ካንሰር» የሚለውን ቃል በሰማ በሳምንቱ ለሕክምና ብሎ ጥማድ በሬዎቹን ሸጦ ነበር። ለእኔ በሪፖርት ላይ የተጻፈች አንዲት መስመር ነበረች፤ ለእነሱ የዚያ ዓመት እርሻ ነበረች።

ለምን እንደተሳሳትሁ ደጋግሜ አስቤአለሁ፤ እናንተም እንድታስቡበት እፈልጋለሁ። ሲኤ 125ን የሚያመነጨው ካንሰር ብቻ አይደለም። የሆድ ሽፋን በምንም ምክንያት ይቆጣ፣ ቁጥሩ ይወጣል፤ ቲቢ ያወጣዋል፣ የጉበት በሽታ ያወጣዋል፣ የልብ ድካምም ያወጣዋል። ፔት ስካን ቢኖረን ይለይልን ነበር የምትሉ አላችሁ። ፔት ስካን የሚያሳየው ስኳር በብዛት የሚወስዱ ሴሎችን ነው፤ ከቲቢ ጋር የሚዋጉት የሰውነታችን ሴሎችም ስኳር ስለሚወስዱ እንደ ካንሰር ደምቀው ይታያሉ። ቲቢ በበዛበት አገር የሚሠራ ሐኪም ውድ መሣሪያ ስላገኘ ብቻ ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም።

ፍንጭ የለም ማለቴ ግን አይደለም። የሲቲ ፈልሳፊው ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያዋን ታካሚ በሲቲ ሲያነሳ የተወልን ትልቅ ነገር የእፍጋት መለኪያው ነው፤ ውኃ ዜሮ፣ አየር ከዜሮ በታች 1000። እናንተ ይህን መለኪያ በመዳፊት አንድ ጊዜ ጠቅ አድርጋችሁ ታገኙታላችሁ፣ ብዙዎቻችሁ ግን አትጠቀሙበትም። ሆድ ውስጥ ያለው ፈሳሽ 25 ወይም 30 ከሆነ ፕሮቲንና ሴል የበዛበት ነው፤ ያን ጊዜ ቲቢን አስቡ። ሽፋኑ የወፈረው እኩል ለስልሶ ነው ወይስ ጎርበጥ ጎርበጥ ብሎ? ንፍፊቶቹ መሐላቸው ጠቁሮ ዳር ዳራቸው ብቻ ደምቋል? ለስላሳ ውፍረትና መሐሉ የበሰበሰ ንፍፊት ወደ ቲቢ ያደላሉ። ያደላሉ ነው ያልሁት፤ አንዱ የሌላውን ልብስ ለብሶ ሲመጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አከርካሪ ላይም ያው ነው። በሁለት አጥንቶች መካከል ያለውን የዲስክ ክፍተት እዩ ብለን አስተምረናችኋል፤ ካንሰር አጥንቱን እየበላ ዲስኩን ይተዋል፣ ቲቢ ዲስኩንም ይጨምራል፣ ጎንና ጎኑም መግል ይቋጥራል። ትምህርቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ቲቢ ዲስኩን የሚያበላሸው ቀስ ብሎ ስለሆነ ገና ሲጀምር ዲስኩ ደህና ሆኖ ሊታይ ይችላል። እግሩ እየሰነፈ የመጣ ወጣት ላይ «ዲስኩ ደህና ነው፣ ስለዚህ ካንሰር ነው» ብላችሁ ከደመደማችሁ ጨረር የማያስፈልገውን ሰው ለጨረር ትልኩታላችሁ፤ የሚያስፈልገው መድኃኒት እየዘገየ ደግሞ መራመድ ያቅተዋል።

ከሁሉ የከበደው ሁለቱ ነቀርሳዎች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ነው። ኬሞ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፤ ተኝቶ የኖረ ቲቢ ይነሣል። የጡት ካንሰር ታክማ የጨረሰች ሴት ሳንባ ጫፍ ላይ አዲስ ነጠብጣብ ሲታይ የሁላችንም ልብ ወደ «ተመለሰባት» ይሮጣል። ካርዷ ላይ ካንሰር ስለተጻፈ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ካንሰር አይሆንም። ለመጀመሪያ ጊዜ ተመለሰ የተባለበት ቦታ በመርፌ የሚደረስበት ከሆነ ናሙና ይወሰድ። ካንሰር ሆኖ ቢገኝም ድካሙ ከንቱ አይቀርም፤ በካንሰሩ ሴል ላይ ያሉት የሆርሞንና የኸርቱ (HER2) ተቀባዮች ከበፊቱ ተለውጠው ከሆነ መድኃኒቱም ይለወጣል።

ስሙ ከታወቀ በኋላስ? ያኔ ምስሉን የምትጠይቁት ጥያቄ ይለወጣል። የማህፀን በር ካንሰር ያለባት እናት ስትመጣላችሁ ዕጢው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ለክታችሁ አታቁሙ። የአልትራሳውንዱን ፕሮብ ወደ ጎን አዙራችሁ ኩላሊቶቿን እዩ። ዕጢው ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደውን ቱቦ ሲያፍን ኩላሊቱ ሽንት አቁሮ ያብጣል፤ ይህ ብቻውን የካንሰሯን ደረጃ ወደ ሦስት ቢ ያደርሰዋል። ከዚህም በላይ፣ ከጨረሩ ጋር በየሳምንቱ የሚሰጠው ሲስፕላቲን ኩላሊት የሚጎዳ መድኃኒት ነው። ሳይታይ ቢሰጣት የቀረው ኩላሊቷም ሊሄድ ይችላል። በጊዜው ከታየ ግን በጀርባዋ በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶ ሽንቱ ይወርዳል፣ ክሬቲኒኑ (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ሲስተካከል መድኃኒቱን ልታገኝ ትችላለች። የኩላሊቱን እብጠት ለማየት ኤምአርአይ አያስፈልግም፣ አልትራሳውንድ ይበቃል፤ የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው።

ቀኑንም ተመልከቱ። ለረጅም ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ወረፋው ወራት ይፈጅ ነበር። ታካሚዋ ተራዋ ደርሶ ስትገባ በእጇ ያለው ሲቲ የስድስት ወር ሲቲ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ዕጢው ከማህፀን በር ወጥቶ የዳሌ ግድግዳ ሲይዝ አይቻለሁ። ዛሬ ማዕከላቱ በዝተዋል፣ ሊኒየር አክስለሬተር የሚባሉት የጨረር ማሽኖችም ገብተዋል፤ የቆየ ፊልም ይዞ ማቀድ ግን ልማድ ሆኖ እንዳይቀር እሰጋለሁ። የድሮውን ፊልም ለማወዳደር ያዙት፣ ለማቀድ አዲስ አስነሱ።

ስለ ፊታችሁም ልንገራችሁ። አልትራሳውንድ ስትሠሩ ክፍሉ ጨለማ ቢሆንም የስክሪኑ ብርሃን ፊታችሁ ላይ ነው። የተኛችው ሴት ምስሉን አታነብም፤ እናንተን ነው የምታነበው። እጃችሁ አንድ ቦታ ላይ ሲቆምና ግንባራችሁ ሲቋጠር ታውቃለች። አንዲት እናት «ዶክተር፣ ዝም ያልክ ጊዜ ነው የሞትኩት» ብለውኛል። ከዚያ ወዲህ እየሠራሁ እናገራለሁ፤ «አሁን ጉበትዎን እያየሁ ነው፣ እዚህ ጋ ትንሽ እቆያለሁ፣ በደንብ መለካት ስላለብኝ ነው።» የማላውቀውን ተስፋ አልሰጥም፤ ግን በዝምታዬ ፍርድ እንዲሰሙ አልፈልግም።

በመጨረሻ፣ ናሙና ልትወስዱ ስትገቡ የማትረሱት ነገር ቢኖር ብልቃጡ ነው። በልምድ የሚቀርብላችሁ ፎርማሊን ያለበት አንድ ብልቃጥ ነው። ፎርማሊን ለፓቶሎጂ ጥሩ ነው፤ ባክቴሪያን ግን ስለሚገድል ናሙናው እዚያ ውስጥ ከገባ በኋላ ለቲቢ ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ ለማየት) አይሆንም። ውጤቱ «ካንሰር አልታየም» ብሎ ሲመጣ ታካሚዋ ለሁለተኛ ጊዜ መርፌ ልትወጋ ነው፤ ከክፍለ ሀገር ከመጣች ደግሞ አትመለስም ይሆናል። ስለዚህ ነርሷን አስቀድማችሁ ጠይቋት፤ አንዱ ብልቃጥ በፎርማሊን፣ ሌላው በንጹሕ ሳላይን ይዘጋጅ። መርፌው ሲወጣ ቁራጩን ለሁለት ክፈሉት፣ በሁለቱም ላይ ስሟን በእጃችሁ ጻፉ፣ የሳላይኑን በዚያው ቀን የቲቢ ምርመራ ወደሚሠራበት ወደ ጂን ኤክስፐርት ክፍል ራሳችሁ አድርሱት።