ጥያቄና መልስ፦ የጎደለው ናይትሮጅን የት ገባ?

በዚህ ዕትም ከምግብ ኬሚስትሪና ከሥነ ምግብ ባዮኬሚስትሪ ላቦራቶሪዎች ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱን እንመልሳለን። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ ማብራሪያ ስለሚሻ አብዛኛውን ቦታ ይዟል።

ጥያቄ፦ የአኩሪ አተር ዱቄት ፕሮቲን በኬልዳል ዘዴ (ናሙናውን በሰልፈሪክ አሲድ አፍርሶ፣ ናይትሮጅኑን በአሞኒያ መልክ አውጥቶ በመለካት) እንለካለን፤ ውጤቱ ሁልጊዜ ከሚጠበቀው ያንሳል። ዳይጀስሽኑ (ናሙናውን በአሲድ የማፍረሱ ሂደት) አልተሟላ ይሆናል ብለን ከ60 ወደ 120 ደቂቃ አራዘምነው፤ ምንም አልተለወጠም። 0.1 ግራም አሞኒየም ሰልፌት ለብቻው ዲስቲል አድርገን (አሞኒያውን በእንፋሎት አውጥተን) ስንሞክር፣ ብላንኩ (ናሙና የሌለበት ሙከራ ንባብ) ተቀንሶ የወሰደው 0.1 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 14.2 ሚሊ ሊትር ነው። ስህተቱ የት ነው?

መልስ፦ መልሱን ራሳችሁ ልካችሁልናል፤ ያቺ 14.2 ናት። ከአሞኒየም ሰልፌት ክብደት 21.2 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ በ0.1 ግራሙ ውስጥ 21.2 ሚሊ ግራም አለ። አንድ ሚሊ ሊትር 0.1 ኖርማል አሲድ ከ1.4007 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ጋር ይመጣጠናል። ሲካፈል 15.1 ሚሊ ሊትር ይመጣል፤ እናንተ ያገኛችሁት የዚህን 94 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ጨው ደግሞ በዳይጀስሽን አላለፈም፤ ናይትሮጅኑ ቀድሞውኑ አሞኒየም ነው። ስለዚህ ናሙናው ምድጃው ላይ ቢያድርም ይህ ጉድለት አይሞላም።

ዲስቲሌሽኑን ከመክሰሳችሁ በፊት ግን አሲዱን ጠርጥሩ። ጠርሙሱ ላይ 0.1 የተባለው በእውነት 0.1066 ከሆነ፣ ቅንጣት አሞኒያ ሳይጠፋ ልክ 14.2 ታነባላችሁ። በ250 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርቆ በዴሲኬተር (እርጥበት በማያስገባ ዕቃ) የቀዘቀዘ ሶዲየም ካርቦኔት 0.106 ግራም መዝኑና ታይትሬት አድርጉት (ቀለሙ እስኪለወጥ አሲዱን እያንጠባጠባችሁ ለኩ)፤ ትክክለኛ 0.1 ኖርማል አሲድ 20.0 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። መጨረሻው ሲቃረብ ፍላስኩን አፍሉና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አስወጡ፣ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ ጨርሱ። ይህ ከተዘለለ ቀለሙ ቀድሞ ይለወጥና አሲዱ ከኃይሉ በላይ ብርቱ መስሎ ይታያል።

አሲዱ ትክክለኛ ሆኖ ከተገኘ ድግግሞሾቹን እዩ። 13.6፣ 14.7፣ 14.1 እያሉ የሚዘልሉ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው የተሰነጠቀ የጎማ መጋጠሚያ ነው። ዲስቲሌሽኑ እየሄደ ሳለ የረጠበ ቀይ ሊትመስ ወረቀት በመጋጠሚያዎቹ ዙሪያ ያዙ፤ ወደ ሰማያዊ የዞረበት ቦታ አሞኒያው የሚያመልጥበት ነው። ሦስቱም ውጤቶች እኩል ዝቅ ካሉ ደግሞ ቀድማችሁ እያቆማችሁ ይሆናል፤ ወደ 150 ሚሊ ሊትር እስኪጠራቀም ጠብቁ። የኮንደንሰሩ ጫፍ በ4 በመቶው ቦሪክ አሲድ ውስጥ ከመጀመሪያዋ ጠብታ በፊት ጠልቆ መገኘት አለበት። የማቀዝቀዣው ውኃ ሞቅ ብሎ ከሆነም ዝም ብላችሁ አትለፉት።

እዚህ ያለው ሲስተካከል ወደ ናሙናው ተመለሱ። ለ1 ግራም ናሙና 7 ግራም ፖታሲየም ሰልፌት፣ 0.8 ግራም ኮፐር ሰልፌት፣ 12 ሚሊ ሊትር ኮንሰንትሬትድ ሰልፈሪክ አሲድ፣ ሙቀቱ 420 ዲግሪ፤ የተለመደው ይህ ነው። ፈሳሹ መጥራቱ ማለቁን አያሳይም፤ ከጠራ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀጥላል። ቅባት ያለበት ናሙና አሲድ በላተኛ ነው፦ አንድ ግራም ቅባት ብቻውን ወደ 10 ሚሊ ሊትር ሰልፈሪክ አሲድ ይጨርሳል። አሲዱ ሲያንስ ጨው ይበዛል፣ የመፍያው ሙቀት ይወጣል፣ አሞኒየም ሰልፌቱም ይበተናል። ምልክቱ በዓይን ይታያል፤ ቱቦው ሲቀዘቅዝ ይዘቱ እንደ ድንጋይ ከረጋ አሲዱ አንሶ ነበር። አሲድ ስትጨምሩ ግን ከዲስቲሌሽኑ በፊት አሞኒያውን የሚያስለቅቀውን አልካሊም ጨምሩ። 12 ሚሊ ሊትር አሲድ ለማምከን 430 ሚሊ ሞል ያህል አልካሊ ይጠይቃል፤ 50 ሚሊ ሊትር 40 በመቶ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 500 ይሰጣል። 15 ሚሊ ሊትር አሲድ ግን 540 ይጠይቃልና ብላንኩ ላይ ሳይበቃ ሊቀር ይችላል። አልካሊው ሲገባ መዳቡ ጠቁሮ ቡናማ መሆን አለበት፤ ፈዛዛ ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ አልበቃም።

ዳይጀስሽኑን ለመፈተን 0.15 ግራም ትሪፕቶፋን ከ0.5 ግራም ስኳር ጋር ሙሉውን ሂደት አሳልፉት። የሚጠበቀው 14.7 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከ98 በመቶ በታች ከሆነ ዳይጀስሽኑም ጥፋት አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትነግሩን ቀርታችኋል፦ በስንት ነው የምታባዙት? 6.4 በመቶ ናይትሮጅን በተለመደው 6.25 ሲባዛ 40.0፣ ለአኩሪ አተር በሚሰጠው 5.71 ሲባዛ 36.5 በመቶ ፕሮቲን ይሆናል። የምታወዳድሩት ቁጥር በሌላው ማባዣ የተሠራ ከሆነ ከጉድለቱ ከፊሉ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነው። ዮሐን ኬልዳል እ.ኤ.አ. በ1883 በካርልስበርግ ላቦራቶሪ ይፋ ያደረገው ዘዴ የሚቆጥረው ናይትሮጅንን ነው፤ ፕሮቲኑ የእኛ ግምት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቻይና ውስጥ ወተት ላይ ፕሮቲን ያልሆነውን ሜላሚን የጨመሩት ሰዎች የተጠቀሙት በዚሁ ክፍተት ነው፤ ሁለት ሦስተኛው ናይትሮጅን ነውና።

ጥያቄ፦ ጥቅል ጎመን በዲስቲልድ ውኃ ፈጭቼ ቫይታሚን ሲውን በኢንዶፊኖል ቀለም ታይትሬት አደርጋለሁ። ጠዋት በ100 ግራም 38 ሚሊ ግራም ያለው ከሦስት ሰዓት በኋላ 21 ሆነ። የተበላሸው ቀለሙ ነው ወይስ ቫይታሚኑ?

መልስ፦ ቫይታሚኑ ነው፤ ያጠፉትም እርስዎ ነዎት። ጎመን አስኮርቢክ አሲድን (ቫይታሚን ሲን) ከኦክሲጅን ጋር የሚያቃጥል ኢንዛይም አለው፤ አስኮርቤት ኦክሲዴዝ ይባላል፣ መዳብ በውስጡ አለ። ቅጠሉ ሳይነካ ኢንዛይሙና ቫይታሚኑ ተለያይተው ይቀመጣሉ። በውኃ ሲፈጩት ከአየሩ ጋር አገናኟቸው። በውኃው ፋንታ 3 በመቶ ሜታፎስፎሪክ አሲድና 8 በመቶ አሴቲክ አሲድ ያለበት ድብልቅ መፍጫው ውስጥ አስቀድመው ይጨምሩ፤ ቅጠሉ በላዩ ይግባ። ከፈጩ በኋላ አሲድ መጨመር ዘግይቷል። ድብልቁን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኑሩ፤ ከሳምንት ያለፈውን ይድፉት፣ ሜታፎስፎሪክ ቀስ በቀስ ወደ ኦርቶፎስፎሪክ ይለወጣል።

ቀለሙም በየቀኑ መፈተን አለበት። 50 ሚሊ ግራም ቀለምና 42 ሚሊ ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት በ200 ሚሊ ሊትር ውኃ ከተዘጋጀ፣ 2 ሚሊ ግራም ንጹሕ አስኮርቢክ አሲድ ከ13 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። ፈዛዛ ሮዝ ቀለሙ 5 ሰከንድ ሲቆይ ያቁሙ፤ ከዚያ በኋላ እየደበዘዘ ቢሄድ አይከተሉት፣ ቀስ ብለው የሚሠሩት ሰልፋይትና ፌረስ ብረት ናቸው። ይህ ዘዴ ዲሃይድሮአስኮርቢክ አሲድን (ኢንዛይሙ የሚቀይረውን መልክ) አያይም፤ እሱ ደግሞ አሁንም ቫይታሚን ነው። ስለዚህ ከጠፉት 17 ሚሊ ግራሞች ጥቂቱ መልኩን ብቻ ቀይሮ ሊሆን ይችላል። ድምሩን ከፈለጉ ናሙናውን በዲቲዮትሪቶል ወደ አስኮርቢክ አሲድ መልሰው በኤችፒኤልሲ (ውህዶችን ለይቶ በሚለካ መሣሪያ) ይለኩ።

ጥያቄ፦ የእኔ ኤክስትራክት (ከናሙና በፈሳሽ የወጣ ጭማቂ) በዲፒፒኤች ፍተሻ (ፀረ ኦክሳይድ አቅምን በቀለም መደብዘዝ በሚለካው) ከቫይታሚን ሲ የተሻለ ሆነ። ሰውነትን ከበሽታ ይከላከላል ብዬ መጻፍ እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። ያሳዩት በሜታኖል ውስጥ፣ በጨለማ፣ በ30 ደቂቃ፣ አንድ ሐምራዊ ራዲካል በ517 ናኖሜትር ምን ያህል እንደደበዘዘ ነው። ኤክስትራክቱ ከአንጀት ይግባ አይግባ፣ ጉበት ምን ያድርገው፣ ቱቦው አይነግርዎትም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግቦችን ኦራክ (በላቦራቶሪ የሚለካ የፀረ ኦክሳይድ አቅም) ቁጥሮች የያዘውን ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ2012 ያነሳውም በዚህ ዓይነት አተረጓጎም የተነሳ ነው። ለማነጻጸር ብቻ ከሆነ የ0.1 ሚሊ ሞላሩን ቀለም በዕለቱ ያዘጋጁ፤ በ100 ሚሊ ሊትር 3.94 ሚሊ ግራም ነው። ኤክስትራክቱ ራሱ ቀለም ካለው ያለ ዲፒፒኤች አንድ ኩቬት (የመለኪያ ብልቃጥ) ለይተው አንብበው ይቀንሱ።

ጥያቄ፦ በአቶሚክ አብሶርፕሽን (ማዕድናትን በሚመጡት ብርሃን መጠን በሚለካ ዘዴ) ብረት ስንለካ ብላንካችን ከፍ ይላል፤ ድግግሞሾቹም አይቀራረቡም።

መልስ፦ ዕቃውን በሙሉ፣ የፒፔት ጫፍና የፕላስቲክ ጠርሙስ ሳይቀር፣ በ10 በመቶ ናይትሪክ አሲድ አሳድራችሁ በዲአዮናይዝድ ውኃ ሦስት ጊዜ እጠቡ። ከዚያ ውኃውን ለብቻ፣ አሲዱን ለብቻ፣ በመጨረሻ ባዶ ክሩሲብል (ናሙና የሚቃጠልበት ዕቃ) ውስጥ የከረመውን አሲድ በ248.3 ናኖሜትር አንብቡ፤ ቁጥሩ የዘለለበት ደረጃ ምንጩ ነው። ያረጀና ውስጡ የተፋቀ የሸክላ ክሩሲብል ብዙ ጊዜ ይያዛል። ብላንኩ ወርዶም ድግግሞሹ እምቢ ካለ የብረት ምላጭ ያለውን መፍጫ ጠርጥሩ፤ ብላንክ በዚያ ስለማያልፍ አይመሰክርበትም። አንድን ናሙና ለሁለት ክፈሉ፣ ግማሹን በመፍጫው ግማሹን በአጌት (ጠንካራ ድንጋይ) ሙቀጫ አድቅቁና አስተያዩ።