የቆዩ የኬሚስትሪ ፈተናዎችን ሠርቶ ውጤት ካልተሻሻለ

እህቴ፣ «አምስት የቆዩ ፈተናዎች ሠራሁ፣ ውጤቴ ግን ንቅንቅ አላለም» ላልሽው፦ ጉድለቱ ከፈተናው ብዛት ሳይሆን ከእርማቱ ይመስለኛል። መልሱን አይቶ «ገባኝ» ብሎ ማለፍ ልምምድ አይደለም።

ሰዓት ይዘሽ፣ ደብተር ዘግተሽ ሥሪ። ስታርሚ የተሳሳትሽውን ብቻ ሳይሆን ገምተሽ ያገኘሽውንም ምልክት አድርጊበት፤ ጎኑ ላይ የስህተቱን ምክንያት በአንድ መስመር ጻፊ።

ለምሳሌ 5.6 ግራም የናይትሮጅን ጋዝ ከበቂ ሃይድሮጅን ጋር ሙሉ በሙሉ ቢዋሃድ ስንት ግራም አሞኒያ ይወጣዋል? የናይትሮጅን ሞለኪውል እያንዳንዳቸው 14 የሚመዝኑ ሁለት አቶሞች ስላሉት 5.6 የሚካፈለው ለ28 ነው፤ 0.2 ሞል (ሞል የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ ነው)። አንዱ ሞል ሁለት ሞል አሞኒያ ስለሚሰጥ 0.4 ሞል ይሆናል፤ በ17፣ ማለትም በአንድ ሞል አሞኒያ ክብደት፣ ሲባዛ 6.8 ግራም። ለ14 ያካፈለ ግን 13.6 ያገኛል፤ ቁጥሩን ከምርጫዎቹ መካከል ካየው ሳይጠራጠር ይመርጠዋል። ስለዚህ «ሞል አልገባኝም» ሳይሆን «ጋዙ ባለ ሁለት አቶም መሆኑን ረሳሁ» ብለሽ ጻፊ። የመጀመሪያው ምን እንደምታጠኚ አይነግርሽም።

የሳትሻቸውን ከሳምንት በኋላ ባዶ ወረቀት ላይ እንደገና ሥሪ። የቅርብ ዓመታቱን ሁለት ፈተናዎች ግን አሁን አትንኪ፤ ለመጨረሻው ሳምንት ይቆዩሽ። ከሥርዓተ ትምህርቱ የወጣ ርዕስ ካጋጠመሽ እለፊው።