የባዩ ጥልፍ ፕሮፓጋንዳ ነው፣ ግን እዩት

«የባዩ ጥልፍ የአሸናፊው ፕሮፓጋንዳ ከሆነ ምን ይጠቅመናል?» ላልከው፦ ፕሮፓጋንዳነቱማ ግልጽ ነው። ይህ በሥዕል የተጠለፈ የመካከለኛው ዘመን ረጅም ጨርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1066 የኖርማንዲው (የዛሬዋ ሰሜን ፈረንሳይ) መስፍን ዊሊያም እንግሊዝን እንዴት እንደያዘ ይተርካል። ዊሊያም ያሸነፈው የእንግሊዝ ንጉሥ ሃሮልድ፣ ከመንገሡ በፊት የቅዱሳን አጽም ላይ እጁን ጭኖ ለዊሊያም ሲምል፣ ቀጥሎ ዘውድ ሲጭን ታያለህ። ጥልፉን ያሠሩት «ሃሮልድ መሐላ በላ» ማለታቸው ነው። ያሠራው የዊሊያም የእናት ልጅ ጳጳስ ኦዶ ሳይሆን አይቀርም። ጦርነቱ መሀል ዱላ ይዞ ወታደር ሲያበረታታ ራሱን አስጠልፏል፣ አይጠቅምም ብሎ አላለፈውም!

እኔ ግን ዓይኔ የሚሄደው ሌላ ቦታ ነው። 70 ሜትር ገደማ በሚረዝመው ጨርቅ ላይ በሱፍ ክር ያልተጠለፈ ነገር የለም። ፈረሶች በመርከብ ሲሻገሩ፣ ድስት እሳት ላይ ተንጠልጥሎ ሲፈላ፣ ወታደሮች ጋሻቸውን ገበታ አድርገው ሲበሉ። አንዲት ሴት ልጇን በእጇ ይዛ ከሚቃጠል ቤት ትወጣለች። ማን እንደሆነች አልተጻፈም።

ወደ መጨረሻው ስትደርስ የታችኛውን ጠርዝ ልብ በል። ከላይ ጀግኖቹ ይዋጋሉ፣ ከታች የሞቱት ሰዎች ጥሩር (የብረት የጦር ልብስ) በራሳቸው በኩል ተጎትቶ ይወልቃል። ጥሩር ውድ ነበራ።