ካርታው ሳይታይ የሚከፈል የቤት ዋጋ

ጥያቄ፦ በመሐል ሜዳ የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። ልጆቼ ደብረ ብርሃን ስለሚማሩና ስለሚሠሩ የመሐል ሜዳውን ቤት ሸጬ እዚያ ለመግዛት ገንዘብ አዘጋጅቻለሁ። የአገራችን ልጅ የሆነ ደላላ ከከተማው ዳር በ200 ካሬ ሜትር ላይ ያረፈ፣ ውኃ የገባለትና አጥሩ በቆርቆሮ የተከበበ ባለ ሦስት ክፍል ቤት በ1,600,000 ብር አገኘልን። ደላላው ውሉን በሦስት ምስክሮች ፊት ብንፈራረም እንደሚበቃ፣ ወጪ እንዳይበዛም ዋጋው 600,000 ብር ተብሎ ቢጻፍ እንደሚሻል፣ ችግር ቢመጣ እርሱ እንዳለ ነግሮናል። ለጊዜው ትልቁ ልጄ ቤቱን እየጠበቀ እዚያው ያድራል። ለደላላው ስንት መክፈል ይገባኛል? የሦስት ምስክሮች ፊርማስ በቂ ነው?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂዬ፣ ሁለቱን ጥያቄዎችዎን በአጭሩ ልመልስና ወዳልጠየቁኝ ነገር ልለፍ፤ ለእርስዎ የሚያሰጋኝ ያልጠየቁኝ ነውና።

የድለላ ክፍያ በየአካባቢው በልማድ የሚጠየቅ መጠን ቢኖረውም እርስዎን የሚያስገድድዎ ከደላላው ጋር የተስማሙበት ነው። ስለዚህ መጠኑን በጽሑፍ ያድርጉት፤ የሚከፈለውም ቤቱ በስምዎ ከዞረ በኋላ እንዲሆን ይስማሙ። ደላላው «ችግር ቢመጣ እኔ አለሁ» ማለቱ በሕግ ፊት ዋስ አያደርገውም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1922 መሠረት ዋስትና በግልጽ ካልተሰጠና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጠቀሰ ዋጋ የለውም። ደላላው እንዲህ ያለ ሰነድ ለመፈረም ፈቃደኛ መሆኑን ይጠይቁትና መልሱን ይስሙ።

የምስክሮቹን ነገር በተመለከተ፣ ሦስት ቀርቶ አሥር ምስክሮች ቢፈርሙም ብቻውን በቂ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍና ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ወይም በፍርድ ቤት ፊት እንዲደረግ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህ ሥርዓት መጠበቅ ያለበት መሆኑን ወስኗል፤ የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም ደግሞ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ይይዛል። ሻጩ ሽያጩን ሳይክድ በመቅረቱ በመንደር የተደረገ ውል የጸናባቸው ጉዳዮች አሉ። ነገር ግን የቤት ዋጋ ሲጨምር ሻጭ ወይም ወራሹ እንደማይክድ ተማምኖ የዕድሜ ልክ ጥሪትን መክፈል አይገባም።

አሁን ወዳልጻፉት ነገር ልምጣ። ደብዳቤዎ ስለ ክፍሎቹ ብዛት፣ ስለ ውኃውና ስለ አጥሩ ይነግረኛል፤ ካርታው በማን ስም እንደሆነ ግን አንድም ቦታ አይናገርም። ካርታ ስለ መኖሩ እንኳ የተጻፈ ነገር የለም፤ የሻጩም ማንነት አልተገለጸም። ልጅዎ ቤቱን እየጠበቀ ማደሩ ደግሞ ቁልፉን መረከባችሁን ያሳያል፤ ያልተከፈለበትን ቤት ቁልፍ የሚያስረክብ ሻጭ እምብዛም አላየሁም። ስለዚህ ቀብድ ወይም ከዚያ የበለጠ ገንዘብ ሳይከፍሉ እንዳልቀሩ እገምታለሁ። መምህር ሆይ፣ ይህን ነገር ከመክፈልዎ በፊት መጠየቅ ነበረብዎ፤ ከከፈሉም በኋላ ቢሆን ለሕግ አማካሪዎ መደበቅ አልነበረብዎትም። ግምቴ ስህተት ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ትክክል ከሆነ ግን ከዚህ በታች ያለውን እባክዎ በጥንቃቄ ያንብቡት።

ደብረ ብርሃን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ የሰፋ ከተማ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተና ከተማው ለክልሉ ትልልቅ ከተሞች የሚሰጠውን የሬጅዮፖሊታን ደረጃ ካገኘ ወዲህ ዙሪያው ያሉ የገበሬ ቀበሌዎች መሬት ተፈላጊ ሆኗል። በዚህ ምክንያት ደንበኞቻችን ደጋግመው የሚወድቁበት አንድ ወጥመድ አለ፤ በከተማው ዳር የሚገኝ፣ በሕግ ፊት ገና የእርሻ ይዞታ የሆነ መሬት ላይ በችኮላ ሁለት ሦስት ክፍል ይሠራና «ቤት» ተብሎ ይሸጣል። ገዢው የሚያየው ግድግዳና ጣሪያ ነው፤ ቤቱ ያረፈበት መሬት የማን እንደሆነ ሲጠይቅ «ካርታው በሂደት ላይ ነው»፣ «ወደ ከተማው ሊካለል ነው»፣ «ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው የገዛው» የሚል መልስ ይሰጠዋል። የእርስዎ ቤት የዚህ ዓይነት ነው ብዬ መደምደም አልችልም። ከከተማው ዳር መሆኑ፣ ካርታው አለመጠቀሱና ውሉ ከአዋዋይ ፊት እንዲርቅ መፈለጉ ሲገጣጠሙ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሊሸጥ የሚችለው በመሬቱ ላይ በሕጋዊ መንገድ የተሠራው ቤት ነው። የገጠር መሬትን በተመለከተም የክልላችን የአማራ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 ባለይዞታው መሬቱን ሊያወርስ፣ በተወሰነ ሁኔታ በስጦታ ሊያስተላልፍና ሊያከራይ ይፈቅድለታል፤ እንዲሸጥ ግን አይፈቅድም። የቤት ሽያጭ የሚል ርዕስ ቢሰጠውም የተሸጠው መሬቱ መሆኑ ከተረጋገጠ ውሉ ሕገ ወጥ ነው፤ ሕገ ወጥ ውል ደግሞ የቱንም ያህል ሽማግሌ ቢፈርምበት መብት አይፈጥርም።

ደላሎች ይህን ስለሚያውቁ የሽያጭ ውል ከመጻፍ ይልቅ ሌላ ሰነድ ያዘጋጃሉ። አንዱ መንገድ ገበሬው ከገዢው ገንዘብ የተበደረ ተደርጎ የብድር ውል መጻፍ ነው፤ ሌላው ስጦታ ወይም ኑዛዜ ነው፤ አንዳንዴም ሁሉንም ደራርበው ውክልና ይጨምሩበታል። ገዢው ብዙ ወረቀት ስለያዘ የተጠበቀ ይመስለዋል። ክርክር በተነሳ ጊዜ ግን የብድሩ ውል የሚያስመልሰው ብድር የተባለውን ገንዘብ ብቻ ነው፣ ያውም ሰነዱ የተደበቀ የመሬት ሽያጭ ነው የሚል መቃወሚያ ካልቀረበበት። ኑዛዜ ተናዛዡ በሕይወት እስካለ ድረስ በማንኛውም ጊዜ ሊሻረው ይችላል። ውክልናም ወካዩ ሲሞት በመርሕ ደረጃ ይቀራል። ስጦታውንም ቢሆን ሕጉ የገጠር መሬት ለማን ሊሰጥ እንደሚችል ስለገደበ ዝምድና የሌለው ገዢ በቀላሉ አይጠቀምበትም።

የገበሬው የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም ሰፍሮ ሳለ ባልየው ብቻውን ሲሸጥ፣ ከዓመታት በኋላ ሚስትየዋ ወይም በመሬቱ የሚተዳደሩት ልጆች ሲከራከሩ ማየት የተለመደ ነው። ከተማው መሬቱን ለልማት በሚፈልገው ጊዜ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ የሚከፈለው ለሕጋዊው ባለይዞታ ነው። ገንዘቡን የከፈለውና ክፍሎቹን ያደሰው ገዢ ያለ ፈቃድ የተሠራውን ቤት እንዲያፈርስ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው፣ ካሳው ስሙ በደብተሩ ላይ ላለው ሰው ይሄዳል። ገዢው ፍርድ ቤት ቢሄድ ውሉ ሲፈርስ ተዋዋዮቹ ወደ ነበሩበት እንዲመለሱ የሚያዘው ድንጋጌ ስላለ የከፈለውን ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል። ሆኖም ከብዙ ዓመት በፊት የተከፈለ ብር ያኔ የሚገዛውን ቤት ዛሬ አይገዛም፤ ገንዘቡን የወሰደው ሰውም የሚከፍለው ንብረት ላይኖረው ይችላል።

በዚህ ላይ ነው እንግዲህ የ600,000 ብሩ ምክር የሚመጣው። ከግብር ለመሸሽ ዋጋን አሳንሶ መጻፍ በራሱ የሚያስጠይቅ ስለሆነ በምንም ሁኔታ አልመክርዎትም። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን እርስዎን ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2005 እና 2006 መሠረት በጽሑፍ የሠፈረ ውል በፈረሙት ሰዎች መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው፤ ይዘቱንም በሰው ምስክር ማስተባበል አይቻልም። ውሉ ፈርሶ ገንዘብዎ ይመለስ ቢባል ወረቀቱ የሚናገረው ስለ 600,000 ብር ነው፤ የቀረውን 1,000,000 ብር በጥሬ ገንዘብ ስለመክፈልዎ ምን ያቀርባሉ? ደላላው ምስክር ይሆነኛል ብለው ከሆነ፣ ይህን ምክር የሰጠዎት እርሱ ራሱ መሆኑን ያስታውሱ።

ምናልባት ሕጋዊ ካርታ ይኖር ይሆናል። ያ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ ቢሆንም ኮፒ አይተው አይመኑ። ዋናውን ካርታ ከሻጩ ጋር ይዘው ወደ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት በአካል ይሂዱና ከማኅደሩ ጋር ያመሳክሩ፤ ስሙን፣ የቦታውን ስፋትና አዋሳኝ፣ ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ወይም የሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በውል የተያዘ) መሆኑን ያረጋግጡ። የሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ ቀሪ የሊዝ ዋጋና የግንባታ ግዴታ መኖሩን ይጠይቁ። ከዕዳና ከእግድ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ በጽሑፍ ያውጡ፤ ቤቱ ለባንክ መያዣ የሆነ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ ሊሆን ይችላልና። ሻጩ ያገባ ከሆነ በክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ያስፈልጋል፤ ያላገባ ከሆነም ይህንኑ የሚያሳይ ማስረጃ ያቅርብ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው ቤቱን ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን በግልጽ የሚሰጥ መሆኑን ያንብቡ፤ አለመሻሩንም ከሰጠው መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። ክፍያው በባንክ ይሁን፤ ከዋጋውም ጉልህ የሆነው ክፍል ስመ ሀብቱ እስኪዞር ድረስ እንዳይለቀቅ በውሉ ላይ ይጻፍ።

አንድ ነገር ልጨምር። የመሐል ሜዳውን ቤት ሸጫለሁ ብለዋል፤ ስለ ባለቤትዎ ግን ምንም አላሉም። ከላይ ለሻጩ ያልኩት ሕግ እርስዎንም ይመለከታል። ባለቤትዎ ያልተስማሙበት ሽያጭ ከሆነ ከዚያኛው ገዢ ጋር ክርክር ሊነሳ ስለሚችል፣ በሕይወት ካሉ የስምምነታቸውን ሰነድ፣ ካረፉም የልጆቹን የወራሽነት ጉዳይ ከአሁኑ ያስተካክሉ።

ገንዘብ ከፍለው ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ተጨማሪ አንድ ብር አይክፈሉ፤ የ600,000 ብሩንም ወረቀት አይፈርሙ። ልጅዎ ክፍል እንዳይጨምር፣ አጥሩንም እንዳያድስ ይንገሩት፤ በማይጸና ይዞታ ላይ የሚወጣ ወጪ ኪሳራውን ያበዛል። ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ውሉን ሲያፈርስ እጥፉን እንዲመልስ የሚያደርግ ድንጋጌ መኖሩን ሰዎች ሊነግሩዎት ይችላሉ፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን ዋናው ውል ራሱ ሕገ ወጥ ከሆነ በዚህ ድንጋጌ ላይ ተስፋ መጣል አይገባም። የባንክ ደረሰኝ፣ የቴሌብር መልእክት፣ ከደላላውና ከሻጩ ጋር የተለዋወጡት አጭር መልእክት፣ የተፈረመ ወረቀት ካለ ዋናው፣ ክፍያው ሲፈጸም የነበሩ ሰዎች ስምና አድራሻ፣ እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ ያሰባስቡ። ሻጩ የሌለ ካርታ አለ ብሎ ገንዘብ ተቀብሎዎት ከሆነ ጉዳዩ በወንጀልም፣ በማታለል፣ ሊያስጠይቅ ይችላል፤ ሆኖም ለፖሊስ ከማመልከትዎ በፊት ሰነዶቹን ያየ ጠበቃ ያማክሩ፤ የአቤቱታው አጻጻፍ በኋላ በፍትሐ ብሔሩ ክርክር ላይ ተጽዕኖ አለውና።

እኔ የጻፍኩልዎት በአንድ ደብዳቤ ላይ ተመሥርቼ ነው። ሰነድ ሳላይ ውሉ ፈራሽ ነው ወይም ጸንቷል ማለት አልችልም። በመጀመሪያ ሊሄዱበት የሚገባው ቦታ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ የቤቱን ቦታ በትክክል ማሳየት የሚችለውን ልጅዎን ይዘው ይሂዱና ቦታው በከተማው መዝገብ ላይ በማን ስም እንዳለ ወይም ጭራሽ እንደሌለ በጽሑፍ ይጠይቁ። መልሱን ከሰበሰቧቸው ሰነዶች ጋር አያይዘው በአቅራቢያዎ ላለ ፈቃድ ላለው ጠበቃ ያቅርቡ። ደላላው እስከዚያ ሌላ ገዢ መጥቷል ብሎ ቢያጣድፍዎ፣ ያ ገዢ እንዲገዛ ይፍቀዱለትና የከፈሉት ገንዘብ እንዲመለስልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ።