ሪኤጀንት እስኪመጣ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ሳቢያን ሰፈር የምትሠራ አንዲት ወጣት ነርስ «ኮሌስትሮል የምንለካበት ላቦራቶሪ ከሌለን የልብ በሽታ ቅድመ ምርመራ ማድረጋችን ምን ይጠቅማል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን ቶሎ አልወጣልኝም።

የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ፣ እዚሁ ድሬዳዋ፣ አንድ የባቡር መካኒክ እኔ ዘንድ ይታከሙ ነበር። ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ሲጋራ ከእጃቸው የማይለይ፣ የጣታቸው ግራሶ ታጥቦ የማይለቅ ሰው ነበሩ። የደም ግፊታቸው 168/102 ሆነ። በሳምንቱ ደገምሁት፤ ያው ነው። የግፊት መድኃኒቱ አምሎዲፒን መደርደሪያው ላይ ነበረ። እኔ ግን ሥራዬ ሙሉ እንዲሆን ፈልጌ «መጀመሪያ ኮሌስትሮልዎን እንየው» ብዬ የምርመራ ወረቀት ጻፍሁላቸው። ሪኤጀንት፣ ማለት የላቦራቶሪው መመርመሪያ ኬሚካል፣ አልቆ ነበር። ከመጋላ ሰፈር ተነሥተው በዚያ ፀሐይ በእግራቸው ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው በር ላይ እንደቆሙ «ልጄ፣ ዛሬም አልመጣም?» አሉኝ። ከካርዱ ላይ ቀና ሳልል «በሚቀጥለው ሳምንት» አልኋቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቻቸው በባጃጅ ይዘዋቸው መጡ። ቀኝ ጎናቸው አይንቀሳቀስም፤ አንደበታቸው ተይዟል።

ግፊቱ ተደጋግሞ 160/100 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው መድኃኒት ለመጀመር የአደጋ ስሌት አያስፈልግም። ከዚያ በታች ላሉት የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያደሰው የልብና የደም ሥር በሽታ አደጋ መገመቻ ሠንጠረዥ ላቦራቶሪ የማይጠይቅ ዓይነት አለው፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ማጨስ አለማጨስ፣ የላይኛው ግፊት፣ ከቁመት ጋር የተመዘነ ክብደት ይበቃዋል። የቀጣዩን አሥር ዓመት አደጋ ከዚያ ታነብባላችሁ። ያለችውን ጥቂት ሪኤጀንት አደጋቸው ከፍ ብሎ ለታየው አስቀምጡላቸው።

የዘመኑ ልጆች መሣሪያ ካልተሟላላችሁ ሥራ አትጀምሩም፤ ይህ ያናድደኛል። እኔስ ያኔ መች ጀመርሁ? ቢሆንም ያናድደኛል።

አለካኩን ስለምታውቁት አልደግመውም። አንድ የአገራችንን ነገር ብቻ ልበል፦ ከቀትር በኋላ የሚመጣ ሰው ቅሞ ሊሆን ይችላል፤ ጫት ግፊትንም የልብ ምትንም ከፍ ያደርጋል። ጠይቁትና በሌላ ቀን ጠዋት ድገሙለት።

ሠንጠረዡ ከአርባ ዓመት ይጀምራል፤ ብዙ እናቶች ግን ዕድሜያቸውን በቁጥር አያውቁትም። እኔ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ የሞላበትን ሌሊት አነሣላቸዋለሁ። ያን ሌሊት የትኛውን ልጅ አዝለው እንደሮጡ ይነግሩኛል፤ ከልጁ ዕድሜ ተነሥቼ እገምታለሁ። አንዲት እናት ይህን ሲነግሩኝ አለቀሱ። የዚያን ቀን ግፊታቸውን ለመለካት ግማሽ ሰዓት አብሬያቸው ተቀመጥሁ።