ጠይቁን፦ ቢራ በቤት መጥመቅ ከየት ይጀመራል?

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፦ ቢራን ቤት ውስጥ ለራስ ስለ መጥመቅ። የመረጥናቸውን እነሆ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ቤቱ የጠመቀውን ቢራ አቀመሰኝና ልቤ ተነሳሳ። ኢንተርኔት ላይ ስገባ ግን የዕቃው ብዛት አስደነገጠኝ፤ ታንኩ፣ ፓምፑ፣ ቧንቧው ማለቂያ የለውም። በትንሹ ልጀምር ብል ምን ያስፈልገኛል? ደግሞ የምወደው እንደ ጊዮርጊስ ቀለል ያለ ቢራ ነው። እሱን መሥራት ይቻላል? — አ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ፓምፑን እርሳው። ታንኩንም እርሳው። ለመጀመሪያ ጊዜ አራት ሊትር ብቻ ጥመቅ፤ እዚያ አገር አንድ ጋሎን የሚሉት ማለት ነው። መደበኛው የጀማሪ ልክ አምስት ጋሎን፣ ወደ 19 ሊትር ገደማ ነው፤ ግን ያን ያህል ውሃ በአፓርትመንት ምድጃ ላይ ማፍላት አንድ ጣጣ፣ ማቀዝቀዝ ሌላ ጣጣ፣ ከተበላሸም መድፋቱ ያናድዳል።

የሚያስፈልግህ ይኼ ነው፦ ስምንት ሊትር የሚይዝ ድስት፣ አምስት ሊትር ገደማ የሚይዝ የመስታወት ገንቦ ወይም ክዳን ያለው ለምግብ የሚሆን ፕላስቲክ ባልዲ፣ ኤርሎክ (ጋዙን እያስወጣ አየር የማያስገባ ትንሽ የፕላስቲክ መሣሪያ ነው)፣ ቴርሞሜትር፣ ሃይድሮሜትር (ውስጡ ምን ያህል ስኳር እንደቀረ በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ነው)፣ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ፣ ባለ ሽቦ ክዳን ጠርሙሶች፣ እና ጀርም ማጥፊያ። ባለ ሽቦ ክዳን ያልኩህ ቆርኪ መምቻ ከመግዛት እንድትድን ነው። ተራ ጠርሙስ ካጠራቀምክ ደግሞ ቡናማውን ምረጥ፤ ብርሃን ሆፕስን (ለቢራ መራራነትና ሽታ የሚሰጠው አበባ ነው) ሲነካው ቢራው መጥፎ ሽታ ያመጣል። በእጅ ተጠምዝዞ የሚከፈተውን ግን ተወው፣ ቆርኪ በደንብ አይዝለትም።

ብቅሉን በተመለከተ፣ ከእህል አትጀምር። እህል ሲባል ማስፈጨት አለ፣ በ65 እና በ68 ዲግሪ መካከል ለአንድ ሰዓት ማቆየት አለ፣ ማጥለል አለ። ይህ ሁሉ የሚደረገው በብቅሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር እንዲቀይሩት ነው። በዱቄት መልክ የሚሸጠው የብቅል ጭማቂ ላይ ይህ ሥራ አልቋል። አንዳንድ ሰዎች ይኼንን እንደ ማጭበርበር ያዩታል። አትስማቸው፤ ጥሩ ቢራ ይወጣዋል፣ አንተም ዋናውን ነገር፣ ማለትም ጽዳትንና ሙቀትን መቆጣጠር ትማርበታለህ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አምስት ሊትር ውሃ አፍላ። የቧንቧ ውሃህ ክሎሪን ክሎሪን የሚል ከሆነ ለመጀመሪያው የታሸገ የምንጭ ውሃ ግዛ፣ ክሎሪን ቢራውን መድኃኒት መድኃኒት ያሰኘዋል። ውሃው ሲፈላ ድስቱን ከእሳት አንሳና 500 ግራም የዚያን የብቅል ጭማቂ ዱቄት እያማሰልክ ጨምር፤ እሳት ላይ እያለ ከጨመርከው ከሥር ያርራል። መልሰህ ጣደው። እዚህ ጋ ከድስቱ ፊት ንቅንቅ አትበል፣ አረፋው በድንገት ገንፍሎ ምድጃህን ያጣብቅልሃል። መፍላት ሲጀምር 8 ግራም ሆፕስ ጨምር፤ መራራነቱ ከዚህ ነው የሚመጣው። አንድ ሰዓት ይፍላ። ሊያበቃ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ለሽታ ሌላ 8 ግራም። በትነት ስለሚቀንስ መጨረሻ ላይ አራት ሊትር ገደማ ይቀርሃል።

ከዚያ በፍጥነት አቀዝቅዘው። የዕቃ ማጠቢያህን ገንዳ በበረዶና በውሃ ሞልተህ ድስቱን ከነክዳኑ አስቀምጠው፣ ከ20 ዲግሪ በታች እስኪወርድ። ትኩስ እያለ እርሾ ከጨመርክበት እርሾውን ትገድለዋለህ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ቢራውን የሚነካ ነገር ሁሉ፣ ቱቦውም፣ ማንኪያውም፣ ቴርሞሜትሩም፣ መጀመሪያ ታጥቦ ቀጥሎ በጀርም ማጥፊያ መነከር አለበት። ስታር ሳን የሚባለው ይመቻል፣ በትክክል ከበጠበጥከው በውሃ ማለቅለቅ አያስፈልገውም። መታጠብና ጀርም ማጥፋት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ቆሻሻ ያለበትን ዕቃ ጀርም ማጥፊያ ውስጥ መንከር ዋጋ የለውም። ጀማሪ ቢራው የሚጎመዝዝበት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ሲሳነፍ ነው።

ወደ ገንቦው ስትገለብጠው እየተንቦጫረቀ ይግባ፣ እርሾው ሲጀምር ኦክስጅን ይፈልጋል። ለቢራ የተዘጋጀው ደረቅ እርሾ በ11.5 ግራም እሽግ ይሸጣል፤ ያ ለ19 ሊትር ስለሆነ ላንተ ሩቡ ይበቃል። ኤርሎኩን ግጠምና ጨለም ያለ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ባለ ሙቀት አስቀምጠው። በአንድ ቀን ውስጥ አረፋ ማውጣት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ሥራህ አለመንካት ነው። እየከፈቱ ማየት፣ እየቀመሱ ማረጋገጥ፣ ለጓደኛ ማሳየት የለም። ሁለት ሳምንት ተወው። ጠርሙስ ውስጥ ስለ መጨመሩ ከታች ለዳላሱ ጠያቂ የሰጠነውን መልስ አንብብ።

ስለ ጊዮርጊስ ጥያቄህ፦ ይቻላል፣ ግን አሁን አይደለም። እሱ ላገር የሚባለው ዓይነት ነው። የላገር እርሾ ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ ነው የሚሠራው፣ ከዚያም ለሳምንታት ወደ ዜሮ በተጠጋ ብርድ ማረፍ አለበት። ስለዚህ ሙቀቱ የሚስተካከል ለብቻው የሆነ ፍሪጅ ይጠይቃል። ደግሞ ቀለል ያለ ቢራ ጉድለትን አይሸፍንም፤ ትንሿ ስህተት ሁሉ ትቀመሳለች። መጀመሪያ ኤል የሚባለውን፣ በክፍል ሙቀት የሚሠራውን ሥራ። ቀላ ያለውን ብትመርጥ ይሻልሃል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ገንዘብ ለመቆጠብ ብለህ ከሆነ የምትጀምረው፣ ካርቶን ቢራ ግዛና ተቀመጥ። ዕቃው፣ የብቅሉ ዋጋ፣ የምታጠፋው ቅዳሜ ሲደመር አያዋጣም። ለደስታው ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ቢራዬን ጠርሙስ ውስጥ ከጨመርኩ ሳምንት ሳይሞላ ሁለቱ ፈነዱ። የቀሩትን ስከፍት እንደ ሻምፓኝ ጣሪያ ይመታሉ። ሚስቴ “ወይ ቢራው ወይ እኔ” ብላለች። ምን አጥፍቼ ነው? — ዳላስ

መልስ፦ በመጀመሪያ የቀሩትን ፍሪጅ ውስጥ አስገባቸው፣ ዛሬውኑ። ስታነሳቸው ወፍራም ጓንት አድርግ፣ ፎጣ ጠቅልልባቸው፣ ዓይንህንም ሸፍን። የጠርሙስ ስባሪ ቀልድ አይደለም። ብርዱ እርሾውን ያስተኛዋል፣ ግፊቱም ይቀንሳል።

ምክንያቱ ከሦስት አይወጣም። አንደኛ፣ መፍላቱ ሳያልቅ ጠርሙስ ውስጥ ጨምረኸዋል። የኤርሎኩ አረፋ ስለቆመ አልቋል ማለት አይደለም፤ እውነቱን የሚናገረው ሃይድሮሜትር ነው። በሁለት ወይም በሦስት ቀን ልዩነት ሁለቴ ለካ፣ ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ አልቋል። 1.046 ላይ የተነሳ ቢራ 1.012 አካባቢ ሲቆም የአልኮል መጠኑ ወደ 4.5 በመቶ ነው። 1.020 ላይ እያለ ካሸግከው ግን የቀረው ስኳር ጠርሙስህ ውስጥ ጋዝ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ስኳር አብዝተሃል። ለጋዝ የሚጨመረው ለአንድ ሊትር ከ6 እስከ 7 ግራም ነው፣ በሚዛን ተመዝኖ። በማንኪያ የሚገምት ሰው ፈንጂ እየሠራ ነው። ስኳሩን በትንሽ የፈላ ውሃ አሟሟውና ከቢራው ሁሉ ጋር በዝግታ ቀላቅል፤ በየጠርሙሱ እየቆነጠሩ መጨመር አንዱን ውሃ፣ አንዱን ርችት ያደርገዋል።

ሦስተኛ፣ የዱር እርሾ ወይም ባክቴሪያ ገብቶበታል፣ እነሱ ደግሞ የቢራ እርሾ የማይበላውን ስኳር ጭምር ይበላሉ። ቢራው ከጎመዘዘ ወይም ላዩ ላይ ነጭ ስስ ነገር ካረፈ ይኼ ነው ችግርህ። ያረጀ ቱቦህን ጣል፣ ውስጡ የተጫረ ፕላስቲክ ባልዲም ካለህ ጣል። ሚስትህን ስለማስታረቅ ግን ሌላ ዓምድ አለን።

ጥያቄ፦ አትላንታ ነው የምኖረው። የጠመቅኩትን ቢራ ለወንድሜ ሠርግ ላቀርብ አስቤያለሁ። ሕጉ ይፈቅዳል? የተረፈውንስ ለሬስቶራንት ልሸጥ እችላለሁ? — ት.

መልስ፦ መሸጥ አትችዪም። ለሬስቶራንትም፣ ለጎረቤትም፣ “ለወጪ ብቻ” ብለሽም። አሜሪካ ውስጥ ለራስና ለቤተሰብ ቢራ መጥመቅን በፌዴራል ደረጃ የፈቀደው ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 የፈረሙት ሕግ ነው። በዚያ መሠረት አንድ አዋቂ ብቻ ያለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ያሉበት ደግሞ 200 ጋሎን ያለ ግብር መጥመቅ ይችላል። ክልሎቹ ግን የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ አላባማና ሚሲሲፒ የተስማሙት በ2013 ነው። ከቤት አውጥቶ ስለማቅረብ የጆርጂያን ሕግ ራስሽ እዪው፣ አዳራሹንም ቀድመሽ ጠይቂ፣ ብዙ አዳራሽ የውጭ መጠጥ አያስገባም። ደግሞ ይህ ፈቃድ ለቢራ ነው። “ከዚሁ ጋር አረቄም ላውጣ” ብሎ የሚመክርሽ ዘመድ ካለ፣ ያ ፈጽሞ የተለየ ሕግ ነው፣ አትሞክሪው።

ጥያቄ፦ ሪያድ ነኝ። እዚህ ክፍሌ ውስጥ ለራሴ ብቻ በትንሹ ብጠምቅ ማን ያውቃል?

መልስ፦ ተው ወንድሜ። እዚያ በዚህ ጉዳይ መያዝ እስርና መባረር ያመጣል፣ ሽታው ደግሞ ጎረቤት ይጠራል። ቤት ቤት የሚል ነገር ካማረህ ማር በውሃ በጥብጠህ ብርዝ ጠጣ። እሱንም በዕለቱ ጨርሰው፣ ካደረ መፍላት ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ሚኒያፖሊስ የምኖር እናት ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጠላ ጠምቄያለሁ። ልጄ አሁን ቢራ መጥመቅ ጀምሮ፣ “እማዬ፣ በሆፕስ ፋንታ ጌሾ ብናደርግበትስ?” ይለኛል። ደግሞ የእንጀራ እርሾ ይሆናል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ እማማ፣ ልጅዎ ዕድለኛ ነው። ሌላው ጀማሪ ከመጽሐፍ የሚማረውን እርስዎ በእጅዎ ያውቁታል። አሻሮውም ቂጣውም በእሳት ስላለፉ ስታርቻቸውን ራሳቸው ወደ ስኳር መቀየር አይችሉም፤ ሥራውን የሚሠራላቸው ብቅሉ ነው። ቢራ ላይም ያው ብቅል ነው። ልዩነቱ ጠላ ከጌሾውና ከዕቃው ጋር ብዙ ዓይነት እርሾና ባክቴሪያ አብሮ ይገባበታል፣ ለዚያም ነው ሲቆይ የሚኮመጥጠው። ቢራ ላይ ግን አንድ የተመረጠ እርሾ ብቻ ይገባል፣ ሌላው ሁሉ ይባረራል።

ስለዚህ የእንጀራ እርሾውን አይስጡት። እሱ ውስጥ የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ሞልተዋል፣ እንጀራውን እንጀራ የሚያደርጉትም እነሱ ናቸው። የዳቦ እርሾም ይፈላል እንጂ በደንብ አይጠልም፣ ቢራው ዳቦ ዳቦ ይላል።

ጌሾው ግን ይሞከር እንጂ! ጀርመን ባቫሪያ በ1516 ባወጣችው ሕግ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ ውጪ አይሠራም ብላ ነበር፤ በእሷ ሚዛን የልጅዎ መጠጥ ቢራ ላይባል ይችላል። ማን ሊከሰው ነው? የሚያስቸግረው መጠኑ ነው። ሆፕስ ሲሸጥ የመራራነቱ ልክ እሽጉ ላይ ተጽፏል፣ ጌሾ ላይ ግን የለም፤ አንዱ ሱቅ የገዙት ከሌላው ይለያል። ስለዚህ በግራም የተጻፈ ቀመር አይፈልግ። የጌሾ ቅጠሉን ለብቻው በትንሽ ድስት አፍልቶ፣ አጥልሎ፣ ውሃውን ቢራው ሊወርድ አሥር ደቂቃ ሲቀረው በጭልፋ በጭልፋ እየጨመረ ይቅመስ። ብቅሉ በዚያ ሰዓት ስኳር ስለሆነ ምላስን ያታልላል። ፈልቶ ስኳሩ ሲያልቅ መራራነቱ ይጎላል፣ ስለዚህ “ትንሽ ቀረው” በሚልበት ቦታ ላይ ያቁም። የተፈጨውን ጌሾ በቀጥታ አይጨምርበት፤ ቢራው ጉሽ ሆኖ ይቀራል። ካስፈለገም በንጹሕ ሻሽ ቋጥሮ ይክተተው።

የወይራ ጢሱ እንደሚናፍቃችሁ እገምታለሁ። የመስታወት ገንቦ እንደ ጋን አይታጠንም። ግን ባምበርግ በምትባል የጀርመን ከተማ በጢስ የደረቀ ብቅል ቢራ ይጠመቃል፤ ያ ብቅል አሜሪካም የጠመቃ ዕቃ ሱቆች ውስጥ ይገኛል። ተፈጭቶ 100 ግራም ያህሉ፣ የብቅል ጭማቂው ዱቄት ከመጨመሩ በፊት፣ ከ65 እስከ 68 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ተዘፍዝፎ ቢጠለል ጢሱን ይሰጣል። ወይራ አይደለም፤ ይጠጣል ግን።

ልጅዎ ሁለት አራት ሊትር ጎን ለጎን ይጥመቅ፣ አንዱን በሆፕስ፣ አንዱን በጌሾ፣ ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ሆኖ። የትኛው እንዳሸነፈ ይጻፉልን።